ወንፊት ወይስ ለቀማ?
በኮምፒዩተር ከዝርዝር ውስጥ የምንፈልገውን ለይተን ስናወጣ የትኛውን መንገድ እንምረጥ?



ጤፍ ወደ ወፍጮ ቤት ከመሄዱ በፊት በየቤታችን የሚደረግለትን መሰናዶ ሁላችንም እናውቃለን። በየጥኖራም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በሌላው የምሥራቅ ጎጃም አካባቢ እናቶቻችን ጤፉን በወንፊት ይነፉታል። ጤፉ በቀዳዳው ያልፋል፤ ጠጠሩና ጭራሮው ከላይ ይቀራል። ምስር ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጠጠሩ ከምስሩ ጋር በመጠን ስለሚመሳሰል ወንፊት አይለየውም። ስለዚህ ምስሩ ሰፌድ ላይ ይዘረጋና ፍሬ በፍሬ ይለቀማል። ለቃሚዋ ጠጠሩን ትጥላለች፤ የነቀዘውን ለብቻ ታደርጋለች፤ በዚያው እጇ እየሠራ ለእራት የሚበቃ መሆን አለመሆኑን በዓይኗ ትመዝናለች፤ የበቃ ሲመስላትም ታቆማለች።

ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ መልስ የለውም። ጤፍን ፍሬ በፍሬ ልልቀም ያለ ሰው ሳይጨርስ ይመሽበታል። ምስርን በወንፊት ያለፈ ሰው ደግሞ ጠጠር ይበላል። የሚመረጠው መሣሪያው ሳይሆን ሥራው ነው፤ ሥራው ራሱ መሣሪያውን ይጠራል።

ኮምፒዩተርን በፕሮግራም በምናዝበት ጊዜም የሚገጥመን ይኸው ነው። ከአንድ ረጅም ዝርዝር ውስጥ የምንፈልገውን ብቻ ለይተን ለማውጣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው «ማጣሪያ» ሲሆን እንደ ወንፊቱ ነው። ሁለተኛው «ዑደት» ሲሆን እንደ ለቀማው ነው። በዚች ጽሑፍ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን የትኛው መቼ እንደሚበጅ፣ በየትኛውስ ሰው እንደሚሳሳት በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን።

«ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ምን ይፈይድልናል?» የሚል አይጠፋም። ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ በእጃችን የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ስም ዝርዝር ነው። ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ማን ቀረ፣ ማን መጽሐፍ አልደረሰውም የሚሉት ሁሉ ከዝርዝር ለይቶ የማውጣት ሥራዎች ናቸው። ይህ ሥራ ደግሞ ዛሬ በብዙ ቦታ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየዞረ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ሥልጠናም የፕሮግራም አጻጻፍን መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት በነፃ እንዲገኝ ስላደረገ ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በዝርዝሩ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ደግሞ ልጅ ነው። ጤፍ ከወንፊት ቢወድቅ ዶሮ ይለቅመዋል፤ ልጅ ከዝርዝር ቢወድቅ ማን ይለቅመዋል?

1ኛ. ሁለቱ መንገዶች ምንና ምን ናቸው?

የአምስት ተማሪዎች ውጤት እንውሰድ፦ 62፣ 35፣ 50፣ 41፣ 78። ማለፊያው 50 ይሁን። በዑደት ስንጽፈው ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

ያለፉ የሚባል ባዶ ዝርዝር አዘጋጅ፤
ከውጤቶች ውስጥ አንድ በአንድ እያነሣህ፦
ያነሣኸው ውጤት 50 ወይም ከ50 የሚበልጥ ከሆነ ያለፉ ውስጥ ጨምረው፤
ዝርዝሩ ሲያልቅ ያለፉን አሳይ።

በማጣሪያ ስንጽፈው ደግሞ እንዲህ ያጥራል፦

ያለፉ ማለት፦ ከውጤቶች ውስጥ «50 ወይም ከ50 የሚበልጥ ነውን?» ለሚለው ጥያቄ «አዎን» የሚሉት።

ሁለቱም የሚሰጡን መልስ አንድ ነው፤ 62፣ 50 እና 78። ልዩነቱ ለኮምፒዩተሩ የምንነግረው ነገር ላይ ነው። በዑደት «እንዴት እንደምትሠራ ልንገርህ» እንላለን፤ ባዶ ዕቃ አምጣ፣ አንሣ፣ እይ፣ ጨምር፣ ቀጥል። በማጣሪያ ግን «የምፈልገው ይህን ነው» ብለን መስፈርቱን ብቻ እንሰጣለን፤ ማንሣቱንና መጨመሩን ማጣሪያው ራሱ ይወጣዋል። ውስጡን ብናየው እርግጥ ማጣሪያውም አንድ በአንድ ያነሣል። ወንፊትም እኮ ፍሬዎቹን የሚያሳልፋቸው በየቀዳዳው ነው፤ እኛ ፍሬ በፍሬ አንከታተለውም እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማስገንዘብ እንወዳለን። ፓይዘን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ3ኛው ትውልዱ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ለዝርዝሮቻችንና ለመስፈርቶቻችን የምናወጣላቸው ስሞች በግዕዝ ፊደል ቢጻፉ ይቀበላል። ቋሚ የትእዛዝ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ እንጂ «ውጤቶች» ወይም «ያለፉ» ብሎ መሰየም ይቻላል። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

2ኛ. ክርክሩ ከየት መጣ?

ሁለቱ መንገዶች እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። በ1957 እ.ኤ.አ. አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ፎርትራንን አወጣ። ቡድኑን የመራው ጆን ባከስ ነበር። የፎርትራን ፕሮግራም ዋና አካሄዱ ዑደት ነው፤ ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ድረስ ይህን ድገም የሚል ትእዛዝ። በተከታዩ ዓመት በ1958 እ.ኤ.አ. ጆን ማካርቲ ሊስፕ የተባለውን ቋንቋ መሥራት ጀመረ። በሊስፕ ደግሞ ዝርዝር ራሱ የሥራው ሁሉ መነሻ ሲሆን አንድን ተግባር ለሌላ ተግባር አሳልፎ መስጠት የተለመደ ነው። «ይህን መስፈርት ያዝና ዝርዝሩን አጣራልኝ» የሚለው ልማድ ያደገው በዚያ በኩል ነው።

የሚገርመው ግን የዑደቱ ቋንቋ አባት የሆነው ባከስ ራሱ በ1977 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማትን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ፕሮግራም አንድ በአንድ መረጃ ከማመላለስ ልማድ ይላቀቅ ብሎ መከራከሩ ነው። በሌላው በኩል ፓይዘን በ1994 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ ሲወጣ ማጣሪያ ነበረው። ነገር ግን የቋንቋው ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በ2005 እ.ኤ.አ. ማጣሪያው ከቋንቋው ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንኑ ሥራ በአንዲት ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ሌላ አጻጻፍ፣ ማለትም ዝርዝርን ከነመስፈርቱ በቅንፍ ውስጥ የመግለጽ ዘዴ፣ ገብቶ ስለነበር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ፓይዘን 3 ሲወጣ ግን ማጣሪያው በቦታው ጸና። ጃቫስክሪፕት በ2009፣ ጃቫም በ2014 እ.ኤ.አ. የየራሳቸውን ማጣሪያ ጨመሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ቋንቋዎቹን የሠሩት ሊቃውንት እንኳ በአንድ ቃል አልተስማሙም። እንግዲህ «ማጣሪያ ዘመናዊ ነው፣ ዑደት ያረጀ ነው» ወይም «ዑደት የወንድ ሥራ ነው፣ ማጣሪያ የሰነፍ ነው» እየተባለ በየኮምፒዩተር ክፍሉ የሚነሣው ሙግት የትም አያደርስም። መመልከት ያለብን ሥራውን ነው።

3ኛ. ማጣሪያ መቼ ይመረጣል?

ለእያንዳንዱ የዝርዝር አባል የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ መልሱም «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ውጭ ሌላ የሚሠራ ነገር ሳይኖር ማጣሪያ ይመረጣል። የአንዱ መልስ በሌላው መልስ ላይ መመሥረት የለበትም። 62 ያለፈው 35 ስለወደቀ አይደለም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘናል።

ትልቁ ጥቅሙ ለአንባቢው ነው። ማጣሪያ የሚል ቃል ያየ ሰው ገና ዝርዝሩን ሳያነብ ሦስት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ የሚወጣው ዝርዝር ከገባው ዝርዝር ሊረዝም አይችልም። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉ አይፋለስም። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ዝርዝር እንዳለ ይቆያል። ዑደት ያየ ሰው ግን እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ አለበት፤ ምክንያቱም በዑደት ውስጥ ማንኛውም ነገር ሊሠራ ይችላል። መደመርም፣ መሰረዝም፣ መጻፍም፣ መላክም። ነጻነቱ የዑደት ኃይል ነው፤ ዕዳውም ያው ነጻነቱ ነው።

ታዲያ ማጣሪያን ስንጠቀም ቃሉን ማክበር አለብን። በመስፈርቱ ውስጥ «50 ነውን?» ብሎ እግረ መንገዱን ውጤቱን የሚለውጥ ወይም ሌላ ቦታ የሚመዘግብ ትእዛዝ መሸጎጥ አንባቢን ማታለል ነው። ወንፊት ይነፋል እንጂ አያቦካም።

4ኛ. ዑደት መቼ ይመረጣል?

ዑደት የሚመረጠው ሥራው ከመለየት ሲያልፍ ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ማስታወስ ሲያስፈልግ። የጥኖራ የታወቀ የገበሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር የነበረበት አካባቢ ነው። በዚያ ዘመን በአምራቾች ማኅበራት የአባላት ድርሻ የሚሰላው በሠሩት ሥራ ነጥብ ነበር። ማኅበሩም እንደ ሌሎቹ አብዛኞቹ ከ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በኋላ ፈርሷል። የሒሳብ አሠራሩን ግን ለምሳሌ እንውሰደው። የአንድን አባል የዕለት ነጥብ ከትናንቱ ድምር ላይ እየጨመሩ መሄድ ማስታወስን ይጠይቃል፤ ይህ የዑደት ሥራ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ከዚህ ነጥብ በታች ያላቸው እነማን ናቸው?» ብሎ መለየት ግን የማጣሪያ ሥራ ነው። በአንድ መዝገብ ላይ ሁለቱም ተራ በተራ ይገባሉ።

ለ/ መሐል ላይ ማቆም ሲያስፈልግ። የምንፈልገው አንድ ባዶ ወንበር ከሆነ ሁሉንም ወንበር ማየት ለምን? በዑደት የመጀመሪያውን እንዳገኘን «በቃ» ማለት እንችላለን።

ሐ/ ከሁለት በላይ ክፍል ሲኖር። ያለፉትን፣ በጥቂት የወደቁትንና ብዙ ድጋፍ የሚሹትን በሦስት ዝርዝር ለመክፈል ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከማጣራት አንድ ጊዜ እየለቀሙ በሦስት ሰፌድ ማስቀመጥ ይቀላል። እንዲያ ሲሆን ማንም ሁለት ቦታ አይገባም፤ ማንም ሳይገባ አይቀርም።

መ/ በእያንዳንዱ ላይ ድርጊት ሲኖር። ለየወላጁ መልእክት መላክ፣ ለየተማሪው ካርድ ማተም የመሳሰለው መለየት ሳይሆን ማድረግ ነው። ስለዚህ ዑደት ይሁን።

ሁለቱን ማቀናጀትም ይቻላል፤ እንዲያውም ብዙውን ጊዜ መልካሙ መንገድ ይኸው ነው። ሦስት ቀን በተከታታይ ከክፍል የቀሩ ተማሪዎችን እንፈልግ እንበል። መምህር ሆነን ስንሠራ ከዚህ የበለጠ አስቸኳይ ዝርዝር ላይኖረን ይችላል፤ ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ነገ ጨርሶ ሊያቋርጥ ይችላልና። «ተከታታይ» የምትለው ቃል ትናንትን ማስታወስ ስለምትጠይቅ በአንድ ተማሪ መዝገብ ውስጥ ዑደት ያስፈልጋል። ቀሪ ሲሆን ቁጥሩን አንድ ጨምር፤ ከመጣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልስ፤ ቁጥሩ 3 ከደረሰ «አዎን» ብለህ አቁም። ይህን አንድ ጊዜ ከጻፍንና «ሦስት ቀን ተከታትሎ ቀርቷልን?» የሚል ስም ከሰጠነው በኋላ በጠቅላላው የክፍሉ ዝርዝር ላይ እንደ መስፈርት ይዘነው ማጣሪያ እንጠራለን። ወንፊቱ ከውጭ፣ ለቀማው ከውስጥ ሆነ ማለት ነው። ከውጭ የሚያነበው ሰው አንዲት ግልጽ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ ዝርዝሩን ማወቅ የፈለገ ደግሞ ውስጡን ይከፍታል።

5ኛ. «የትኛው ይፈጥናል?»

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የሚያነሣ አለ። በፓይዘን ለምሳሌ በአንዲት ዓረፍተ ነገር በቅንፍ የሚጻፈው አጻጻፍ፣ ስም የለሽ ትንሽ ተግባር ከተሰጠው ማጣሪያ ብዙውን ጊዜ ይፈጥናል። ምክንያቱም ማጣሪያው ለእያንዳንዱ አባል ያንን ተግባር ደጋግሞ መጥራት ስላለበት ነው። ነገር ግን 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፣ 2,000 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት እንኳ ልዩነቱ ለዓይን አይታይም። እንዲያው ዝም ብሎ ለፍጥነት ሲባል የማይነበብ ፕሮግራም መጻፍ ለአንድ ቁና ጤፍ የጭነት መኪና መከራየት ነው። በመጀመሪያ ትክክል ይሁን፤ ቀጥሎ ሌላ ሰው አንብቦ ይረዳው፤ ፍጥነቱ የሚታሰበው ዝርዝሩ በእርግጥ ሲገዝፍ ነው።

6ኛ. ሰው የሚሳሳትባቸው አምስት ቦታዎች

አንደኛው፣ እየተጓዙ መሰረዝ ነው። ውጤቶቹ 35፣ 40፣ 62፣ 45፣ 71 ይሁኑ። አንድ ጀማሪ አዲስ ዝርዝር ከመሥራት ይልቅ «ከ50 በታች የሆነውን እዚያው ሰርዝ» ብሎ ዑደት ይጽፋል። በፓይዘን ኮምፒዩተሩ የሚሄደው በቦታ ቁጥር ነው። 1ኛ ቦታ ላይ 35ን አግኝቶ ይሰርዛል። ወዲያው የቀሩት ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደፊት ይጠጋሉና 40 በ1ኛው ቦታ ይቀመጣል። ኮምፒዩተሩ ግን ወደ 2ኛ ቦታ አልፏል፤ እዚያ 62ን አይቶ ይተወዋል። በ3ኛው ቦታ 45ን ይሰርዛል፤ 71 ወደ 3ኛው ይጠጋል፤ 4ኛ ቦታ ላይ ምንም ስለሌለ ሥራው ያበቃል። የቀሩት 40፣ 62 እና 71 ናቸው። 40 ሳይታይ አለፈ ማለት ነው! አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ይህን ነው። መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ዝርዝር ሳይነኩ የሚፈለገውን በአዲስ ዝርዝር ማስቀመጥ ነው፤ ማጣሪያ ደግሞ ይህን ራሱ ያደርገዋል።

ሁለተኛው፣ የተነፋውን ሁለት ጊዜ መፈለግ ነው። በፓይዘን 3 ማጣሪያ የሚሰጠው ያለቀለት ዝርዝር አይደለም፤ ሲጠየቅ ብቻ አንድ በአንድ የሚያፈስስ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ባዶ ነው። ያለፉትን ቁጠር ስንለው «38» ብሎን፣ ወዲያው ስማቸውን ጻፍ ስንለው ባዶ ገጽ ቢሰጠን መደንገጥ የለብንም። የተነፋውን መጀመሪያ በዕቃ መገልበጥ፣ ማለትም ወደ ዝርዝር መለወጥ፣ ከዚያ የፈለግነውን ያህል መጠቀም ነው።

ሦስተኛው፣ የወሰኑ ነገር ነው። በአነጋገራችን «ከ50 በላይ ያመጣ ያልፋል» እንላለን፤ 50 ራሱ ግን ይገባል ወይስ አይገባም? አነጋገሩ አይለይም፤ ኮምፒዩተር ግን ይለያል። «ከ50 ይበልጣል» ብለን ከጻፍን ልክ 50 ያመጣው ልጅ ወደቀ። ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እናስታውስ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 ከመቶ ያህል ነበሩ። እንዲህ ባለ ሰፊ ዝርዝር ላይ «ና ከዚያ» የምትለው ትንሽ ቃል ብትዘነጋ የስንቱ ወጣት ዕድል እንደሚለወጥ ማሰብ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከመጻፋችን በፊት መስፈርቱን በአማርኛ በወረቀት ላይ እንጻፈው፤ ልክ በወሰኑ ላይ ያለውን፣ ከወሰኑ አንድ በታችና አንድ በላይ ያለውን በምሳሌ እንሞክር። 49፣ 50፣ 51 ብለን።

አራተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተር ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ስሙ ኃይሉ የሆነውን አውጣልኝ» ስንለው «ሀይሉ» እና «ኀይሉ» ተብለው የተመዘገቡትን አያወጣም። እኛም በልምምድ ጊዜ በሠራነው አንድ የስም ዝርዝር ላይ ይህ ገጥሞናል። ማጣሪያው ያለ አንዳች ስህተት ሠራ፤ የአንድ ልጅ ስም ግን ከዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ያወቅነው ልጁ ራሱ መጥቶ «እኔስ?» ሲለን ነው። መድኃኒቱ ከማጣራት በፊት ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ለማወዳደሪያ ብቻ ወደ አንድ መመለስ ነው። የልጁ ስም በመዝገቡ ላይ ቤተሰቡ እንደጻፈው ይቆይ፤ ሊለወጥ አይገባም።

አምስተኛው በፕሮግራም ብቻ ሳይሆን በኤክሴል ሠንጠረዥ ለሚሠሩ ሁሉ ነው። በኤክሴል ስናጣራ ያልተፈለጉት መስመሮች ይደበቃሉ እንጂ አይጠፉም። ሰም የተባለው የመደመሪያ ቀመር የተደበቁትንም አብሮ ይደምራል። በማጣሪያ የቀሩትን ብቻ የሚደምረው ሰብቶታል የተባለው ቀመር ነው። ሰሌዳው ላይ 12 ተማሪ እያየን የ60 ተማሪ ድምር እንዳናነብ መጠንቀቅ ነው።

7ኛ. ገለባውን ሳናይ አንድፋ

ከላይ የዘረዘርናቸው ስህተቶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። ኮምፒዩተሩ አይጮህም፤ ስህተት አለ አይልም፤ ንጹሕ ዝርዝር ያወጣል። የወጣውን ዝርዝር ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። በወንፊት ላይ የቀረው ለዓይን ይታያል፤ እናቶቻችንም ከመድፋታቸው በፊት በእጃቸው ያገላብጡታል። በኮምፒዩተር ማጣሪያ ላይ ግን የቀረው አይታይም፤ እንዲታይ ካላዘዝነው በስተቀር።

በመሆኑም የመረጥነው ማጣሪያም ይሁን ዑደት አንድ ልማድ እንያዝ እንላለን። ያለፉትን እንቁጠር፤ በተገላቢጦሹ መስፈርት የቀሩትንም ለይተን እንቁጠር፤ ሁለቱን እንደምር። ድምሩ ከመጀመሪያው ዝርዝር ቁጥር ጋር እኩል ካልሆነ አንድ ሰው መንገድ ላይ ጠፍቷል። እኩል ከሆነም የቀሩትን ስም አንድ ጊዜ በዓይናችን እናንብብ። በቁጥር የማይታየው የ«ኃይሉ»ና የ«ሀይሉ» ነገር የሚገኘው እዚያ ነው። ይህ ሁለት ተጨማሪ መስመር ብቻ ይፈልጋል።

ማጠቃለያ

ለማሳጠር ያህል፣ ፕሮግራም ለመጻፍ ስንነሣ ራሳችንን እንዲህ እንጠይቅ። የምፈልገው መለየት ብቻ ነውን? እያንዳንዱ አባል ለብቻው በአንድ ጥያቄ ይመዘናልን? አዎን ከሆነ ማጣሪያ። ማስታወስ፣ ማቆም፣ ከሁለት በላይ መክፈል ወይም አንድ ድርጊት መፈጸም አለብኝን? አዎን ከሆነ ዑደት። ሁለቱም ካሉበት የሚከብደውን ጥያቄ በዑደት ጽፎ ስም መስጠት፣ ከዚያ በማጣሪያ መጥራት። በመጨረሻም በየትኛውም መንገድ ቢሆን የቀረውን መቁጠር።

መልመጃ

ከዚህ በታች ላሉት ሥራዎች ማጣሪያ፣ ዑደት ወይስ ሁለቱም እንደሚሻል ከነምክንያቱ ጻፉ።

1/ ወላጃቸው የፈቃድ ወረቀት ያልፈረመላቸውን ተማሪዎች ስም ማውጣት።
2/ የክፍሉን ውጤት በተራ እየደመሩ ድምሩ መጀመሪያ ከ2,000 ያለፈበትን ተማሪ ማግኘት።
3/ በአራት ፈተናዎች ውጤታቸው በየፈተናው እየቀነሰ የመጣባቸውን ተማሪዎች መለየት።
4/ «ዓለሙ» የሚባሉትን ሁሉ ማውጣት። (ፊደሉን አደራ!)

መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ ጎን ባለው ሣጥን ውስጥ ብትጨምሩልን በሚቀጥለው እትም ከማብራሪያ ጋር እናወጣለን። የተሳሳትንበት ካለም ከማረም አትቦዝኑ፤ እኛንም ማጣራት የእናንተ ድርሻ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ